የዓመቱ ድካምና የሰባቱ ቀን ፍርድ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ የጣርማበርን ተራራ ተሻግሮ ወደ ይፋት ቆላ ከወረደ በኋላ፥ ሸዋ ሮቢትን፥ ሰንበቴንና አጣዬን አልፎ ካራቆሬ ይደርሳል። ወሩ ጥቅምት ወይም ኅዳር የሆነ እንደ ሆነ፥ በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ራሱን ደፍቶ፥ በየማሳውም መካከል በእንጨት በቆመ ማማ ላይ ልጅ ወይም ሽማግሌ ወንጭፍ ይዞ ሲጮኽ ያያል። የሚጠበቀው ግሪሳ የሚባለው ወፍ ነው። ገበሬው በበልግ አርሶና ዘርቶ፥ በክረምት አርሞና ኰትኵቶ፥ ሰባት ወር ያህል የደከመበት እህል፥ ይህ ወፍ በመንጋ የወረደበት እንደ ሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ ባዶ አገዳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በይፋት ቆላ የዓመቱ ሥራ ሁሉ የሚፈረደው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በማማው ላይ ነው።

ጥያቄው ከዚህ ይነሣል። የረዥም ጊዜ ሥራ በአጭር ጊዜ ፈተና ሊፈረድበት ይገባልን? ዓመቱን ሙሉ ሲያሸንፍ የኖረ በመጨረሻዪቱ ሳምንት ቢሸነፍ፥ አሸናፊ ይባላልን ወይስ ተሸናፊ? ነገሩ ስለ እህልና ስለ ወፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ምርመራ ባላስፈለገው ነበር። ወፍ ሕግ የለውም፥ ቃልም አልገባም። የካራቆሬ አካባቢ ሰው ከወፍ የሚብሰውንም ያውቃል፤ በ1953 ዓ.ም. በግንቦት መጨረሻ ምድር ተናውጣ የመጀቴ ከተማ ስትፈርስ፥ የስንት ዘመን ቤትና ንብረት በአንድ ሌሊት ጠፋ። ነገር ግን ምድርን ከዳኛ ፊት የሚያቆማት የለም። ሰው ግን በገዛ ፈቃዱ፥ ተመካክሮና በወረቀት ጽፎ፥ እንዲህ ያለውን አጭር ፈተና በራሱ ላይ የሚያቆምበት ጊዜ አለ። ይህም ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በጨዋታ ውድድር ነው። ጨዋታ ምን ቁም ነገር አለው ብሎ የሚንቅ አንባቢ ቢኖር፥ ልጆች ፍትሕን የሚማሩት ከፍርድ ቤት አስቀድሞ በሜዳ ላይ እንደ ሆነ ያስብ።

ለምሳሌ የሚሆን ነገር በኢትዮጵያ ላይ ደርሷል። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት 3 ቀን እሑድ፥ በቆላው ማሽላ በሚጠበቅበት ሰሞን፥ የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን በአዲስ አበባ ስታዲየም ከናይጄሪያ ጋር ተጋጠመ። በብራዚል ወደሚደረገው የዓለም ዋንጫ ለመግባት የቀረው ይህ የደርሶ መልስ ግጥሚያ ብቻ ነበር። እዚህ የተደረሰው ግን በአጭር መንገድ አይደለም። ቡድኑ አስቀድሞ ሶማሊያን ጥሎ፥ ከዚያ በአሠልጣኙ በሰውነት ቢሻው እየተመራ፥ ከደቡብ አፍሪካ፥ ከቦትስዋናና ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር በአንድ ምድብ ገብቶ፥ ከግንቦት 2004 እስከ ጳጕሜን 2005 ዓ.ም. ድረስ 6 ጊዜ ተጫወተ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን በአዲስ አበባ 2 ለ 1 ባሸነፈ ጊዜ ሕዝቡ ምድቡ ተጨረሰ ብሎ በየአደባባዩ ጨፈረ። ደስታው ሳይበርድ በዚያው ቀን ክፉ ወሬ መጣ። ከስምንት ቀን በፊት ቦትስዋናን ባሸነፉበት ግጥሚያ ላይ፥ ሁለት የማስጠንቀቂያ ካርድ ስለ ነበረበት በሕግ ሊያርፍ ይገባው የነበረ ተጫዋች ተሰልፎ ነበርና የዓለም አቀፉ ማኅበር ፊፋ ነገሩን መመርመር ጀመረ። ፍርዱም ያ ድል ወደ 3 ለ 0 ሽንፈት እንዲለወጥ ሆነ፤ በድሉ የተገኘው 3 ነጥብም ተሰረዘ። ቡድኑ ግን አልወደቀም፤ ጳጕሜን 2 ቀን በብራዛቪል የመካከለኛውን አፍሪካ ቡድን 2 ለ 1 አሸንፎ፥ በ13 ነጥብ ደቡብ አፍሪካን በ2 ነጥብ በልጦ ምድቡን በአንደኝነት ፈጸመ።

እንግዲህ በመዝገብ የሚታየው ይህ ነው። ነገር ግን የዚያ ጊዜው ሕግ በዚህ አያበቃም ነበር። የ10ሩ ምድብ አንደኞች በዕጣ 5 ጥንድ ሆነው ሁለት ሁለት ጊዜ ይጋጠሙ ነበር፤ ከየጥንዱ አንዱ ብቻ ወደ ዓለም ዋንጫ ያልፍ ነበር። ለኢትዮጵያ የወጣው ዕጣ በዚያው በአውሮፓ ዓመት የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው ናይጄሪያ ነበረች። በአዲስ አበባ በኃይሉ አሰፋ አስቀድሞ ግብ አገባ፤ ከዚያ ኢማኑኤል ኢመኒኬ ሁለት አገባ፥ ሁለተኛዪቱንም ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል በፍጹም ቅጣት ምት። ኅዳር 7 ቀን በካላባር ከተማ ናይጄሪያ ዳግመኛ 2 ለ 0 አሸነፈች፥ ነገሩም አለቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከሰው አፍ የሚወጣው ቃል የታወቀ ነው፤ የዓመታት ድካም በሁለት ቀን ውኃ በላው የሚል ነው። ይህ ቃል ከኀዘን የመጣ ስለ ሆነ አይነቀፍም፤ እውነት ነውን ተብሎ ግን ሊመረመር ይገባዋል።

ይህን ጥያቄ ከሌላው ሁሉ አጥርተው ያቆሙት የሰሜን አሜሪካ ሰዎች ናቸው፥ ቤዝቦል በሚሉት ጨዋታቸው። የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ቤዝቦልን ፈጽሞ ባዕድ አያደርገውም፤ ያም ዱላና ኳስ ነው። ልዩነቱ ኳሱ እንደ ገናው ሩር በምድር ላይ እየተለጋ አይሄድም፤ አንዱ ይወረውራል፥ ሌላው በዱላ ይመታል፥ መትቶም በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን ምልክቶች ዞሮ ወደ ተነሣበት ለመመለስ ይሮጣል። የታላቁ ማኅበር ቡድኖች ዛሬ 30 ናቸው፥ በሁለት ሊግ የተከፈሉ። እያንዳንዱ ቡድን ከፀደያቸው መግቢያ እስከ መስከረማቸው ፍጻሜ፥ ዕረፍት እምብዛም ሳያገኝ 162 ጊዜ ይጫወታል። ይህን ያህል የሚጫወት ሌላ ታላቅ የቡድን ውድድር በቀላሉ አይገኝም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን መዝገቡ ይዘጋና፥ ከ30ው የተመረጡት 12 ብቻ ወደ ፍጻሜው ማጣሪያ ይገባሉ። ከእነዚህ እየተጣለ እየተጣለ ከየሊጉ አንድ አንድ ይቀራል፤ ሁለቱም ዎርልድ ሲሪስ በሚባለው ውድድር ተጋጥመው 4 ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈው ዘውዱን ይደፋል። ስድስት ወር የተጻፈው መዝገብ ለመግቢያ በር ይሆናል እንጂ በፍጻሜው ላይ አንዲት ነጥብ አይጨምርም።

የዚህ ሥርዐት አጀማመር ራሱ ትምህርት አለው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1903 የአሮጌው ሊግ አንደኛ የፒትስበርግ ቡድን፥ ገና በቅርብ ከተቋቋመው ሊግ አንደኛ ከቦስተን ቡድን ጋር ተጋጠመ። ብዙዎች አዲሱን ሊግ ንቀውት ነበር፤ ቦስተን ግን 5 ለ 3 አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት የአሮጌው ሊግ አንደኛ የኒውዮርክ ቡድን ሆነና ከአዲሱ ሊግ ሰዎች ጋር አልጋጠምም አለ። ዓመቱን ሙሉ አሸንፎ በገዛ ሊጉ አንደኛ ሆኖአልና፥ ከዚያ በታች ከሚቈጥራቸው ጋር መታገል ክብሩን የሚያሳንስ መሰለው። ስለዚህ በ1904 የፍጻሜ ውድድር ሳይደረግ ቀረ። ሕዝቡና ጋዜጦቹ ግን ይህን እንደ ኵራትም እንደ ፍርሃትም ቈጥረው ስለ ነቀፉት፥ በ1905 ውድድሩ በሕግ ጸና፤ ያው የኒውዮርክ ቡድንም ገብቶ አሸነፈ። ከዚህ የሚታየው ረዥሙን መዝገብ ብቻ እመኑ የሚል ሰው ሁልጊዜ ስለ ፍትሕ ሲል ብቻ እንደማይናገር ነው። አንዳንድ ጊዜ መዝገቡ የኵሩ ሰው ምሽግ ይሆናል። ምድቡን የጨረሰ፥ ወንበሩን የያዘ፥ ስሙ የተጠራ ሰው ዳግመኛ መፈተን አይወድም።

በሌላ ወገን ደግሞ ፈተናው ያደረገው ግፍ የሚመስል ነገር ብዙ ነው። በ1906 በቺካጎ ከተማ ሁለት ቡድኖች ነበሩ። አንደኛው በዓመቱ 116 ጊዜ አሸንፎ 36 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ አልታየም። በፍጻሜው የገጠመው የገዛ ከተማው ሰው፥ ዱላው ደካማ ነው ተብሎ የሚቀለድበት ሁለተኛው ቡድን ነበረ፤ እርሱም 4 ለ 2 አሸነፈው። ከ95 ዓመት በኋላ በ2001 የሲያትል ቡድን ይህንኑ 116 ቍጥር ደገመ፤ ሲያትል ግን ወደ ዎርልድ ሲሪስ እንኳ ሳይደርስ በኒውዮርክ ቡድን 4 ለ 1 ወደቀ። በ2006 ደግሞ የሴንት ሉዊስ ቡድን በዓመቱ 83 አሸንፎ 78 ተሸንፎ፥ ማለት ከእኩሌታው እምብዛም ሳያልፍ ገብቶ፥ ዘውዱን ወሰደ። ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው የሞንትሪያል ነገር ነው። በ1994 ተጫዋቾች በደመወዝ ጠብ ሥራ አቁመው ዓመቱ በመካከል ሲቋረጥ ሞንትሪያል 74 አሸንፎ 40 ተሸንፎ ከሁሉ በላይ ነበር። የፍጻሜው ውድድር በዚያ ዓመት ስላልተደረገ ዘውድ የሚሰጠው ጠፋ። ቡድኑም ቈይቶ ከተማዪቱን ለቆ ወደ ዋሽንግተን ሄደ። እዚያም በ2019፥ ዓመቱን 19 አሸንፎ 31 በመሸነፍ ጀምሮ፥ በፍጻሜው ሂውስተንን 4 ለ 3 አሸነፈና ዘውዱን ያዘ። የሚያስደንቀው በዚያ ውድድር በ7ቱም ግጥሚያ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነበረ፤ በሜዳው የተጫወተ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። በ1994 የሚገባው የነበረ አጣ፤ በ2019 በመጀመሪያ ተስፋ የሌለው የነበረ አገኘ፤ የሁለቱም ሐረግ አንድ ነው።

ቍጥር የሚያውቁ ሰዎች ይህ ለምን እንደሚሆን ያስረዳሉ። በቤዝቦል እጅግ በረታ የሚባለው ቡድን ከ100 ግጥሚያ 60 ያህል ነው የሚያሸንፈው፤ ደካማ የሚባለውም 40 ያህል ያሸንፋል። እንግዲህ ከተጋጣሚው ጋር በተገናኘ ቍጥር ከ10 ጊዜ 6 ጊዜ የማሸነፍ ኃይል ያለው ቡድን ይታሰብ። 4 ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ይውሰድ በሚባለው ሕግ ይህ ብርቱ ቡድን ዘውዱን የሚያገኘው ከ100 ጊዜ 71 ጊዜ ያህል ነው። በቀረው 29 ጊዜ የሚወስደው ደካማው ነው። ፈተናው ወደ ሁለት ግጥሚያ ባጠረ ጊዜ ደግሞ የዕድል ድርሻ የበለጠ ይሰፋል። ስለዚህ አጭሩ ፈተና ማን እንደሚበልጥ ለማወቅ የተሠራ ሚዛን ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል፤ ሚዛን እንዲህ አይዘባም። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ታዲያ ስለ ምን ሰዎች ይህን ፈተና አቆሙ? ገንዘብ ነው የሚል ቢኖር እውነት አለው፤ የፍጻሜው ሰሞን የሚሸጠው ቲኬትና የቴሌቪዥን ዋጋ ብዙ ነውና፥ ወደ ፍጻሜው የሚገቡት ቡድኖች ቍጥር ከ2 ተነሥቶ 12 እስኪሆን ድረስ የጨመረው ስለ ፍትሕ ፍቅር ብቻ ነው ማለት የዋህነት ነው። ነገር ግን ገንዘብ ሕዝብ የማይወደውን ነገር ሊሸጥ አይችልም። ሕዝቡ በዚያ ፈተና ውስጥ የሚያየው አንድ ነገር አለ። 162 ጊዜ የሚጫወት ቡድን ዛሬ ቢሸነፍ ነገ አለው፤ ስሕተቱ ሁሉ በነገ ይሸፈናል። በመጨረሻዪቱ ግጥሚያ ግን ነገ የለም። ወርዋሪው እጁ ደክሞ፥ መቺው ዓይኑ ፈዞ፥ ሃምሳ ሺህ ሰው ሲጮኽ፥ ያን ጊዜ የሚታየው ጠባይ በረዥሙ መዝገብ ውስጥ አይታይም። ሰው በምቾት ጊዜ ትዕግሥተኛ፥ በሰላም ጊዜ ደፋር መሆኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን ትዕግሥቱና ድፍረቱ የሚታወቀው ማምለጫ በሌለበት ሰዓት እንደ ሆነ ማንም ይመሰክራል። ስለዚህ አጭሩ ፈተና የብልጫ ሚዛን ባይሆንም የአንድ ሌላ ነገር መስተዋት ነው።

መስተዋቱም ሊጨልም ይችላል። በ1919 የቺካጎ ቡድን በፍጻሜው በሲንሲናቲ 5 ለ 3 ተሸነፈ፤ በኋላ 8 ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ጋር ተስማምተው ግጥሚያውን ሸጠዋል ተብለው ተከሰሱ። በ1921 የፍርድ ቤቱ ዳኞች ነጻ ለቀቋቸው፤ የማኅበሩ አለቃ ኬነሶ ላንዲስ ግን ለዕድሜ ልክ ከጨዋታው አስወጣቸው። ይህን ነገር የሚመረምር ሰው ስድስት ወር ሙሉ የሚደረግን ሥራ መግዛት ለማንም ባለጸጋ እንደሚከብድ፥ የስምንት ቀን ሥራን ግን በጥቂት ሰው እጅ መግዛት እንደሚቻል ያያል። ፍርድ በአጠረ ቍጥር ለጉቦ ይቀርባል። ስለዚህ አጭሩን ፈተና የሚያቆም ሕዝብ ከረዥሙ መዝገብ ይልቅ በላዩ ላይ ብዙ ዘብ ሊያቆምበት ይገባዋል።

አንዳንድ ሰው በዚህ ክርክር ውስጥ በቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ፥ ወይም በዐሥራ አንደኛው ሰዓት ወደ ወይኑ ቦታ የገቡትን ሠራተኞች ምሳሌ አምጥቶ፥ የመጨረሻዪቱ ሰዓት የቀደመውን ሁሉ ትሽራለች ይል ይሆናል። ምሳሌው ግን ከዚህ ጋር አይገጥምም። ለወንበዴው ገነት በተሰጠ ጊዜ ከጻድቃን የተወሰደባቸው ነገር የለም፤ ለኋለኞቹ ሠራተኞች ዲናሩ በተከፈለ ጊዜ ከፊተኞቹ ደመወዝ አልጐደለም። ዋንጫ ግን አንድ ነው፤ ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው እጅ ይወጣል። ደግሞም የዚያ ፈራጅ ልብን ያያል፥ የሜዳው ዳኛ ግን የሚያየው ኳሱ መሥመሩን ማለፉን አለማለፉን ነው፤ ያንንም አንዳንድ ጊዜ ይስታል።

ከዚህ ይልቅ ለነገሩ የሚቀርብ ምሳሌ በአብነት ትምህርት ቤት ልማድ ይገኛል። ድጓ የተማረ ሰው ብዙ ዓመት ደክሞ ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረም ዙር አምባ ሄዶ ያስመሰክራል። ማስመስከር የሚለው ቃል ራሱ መምህራኑ ስለ ተማሪው ድካምና ዕውቀት ምስክር ይሆናሉ ማለት ነው። በቅኔ ቤትም እንዲሁ ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ ቅኔ እየቈጠረ፥ መምህሩ እያረመው፥ ዓመት ሲተካ ይኖራል፤ ለወንበር የሚበቃው በአንድ ቀን ቅኔ አይደለም። ነገር ግን በዚያው ቤት ሌላ ልማድ አለ። በበዓል ዕለት ሊቃውንት ቆመው ሲሰሙ ቅኔ የሚያቀርብ ሰው ይታዘዛል። ቅኔው አዲስ መሆን አለበት፤ ያለፈው ዓመት ክብር አይረዳውም። በዚህ ጊዜ ስሙ በአገር የተጠራ መምህር ቤት መምታት ተስኖት ወይም ምሥጢሩ ተሰብሮበት የሚያፍርበት፥ በጥግ የቆመ ስሙ ያልታወቀ ተማሪ ደግሞ ያማረ ቅኔ አሰምቶ «ይበል!» የሚባልበት ቀን አለ። ይበል የተባለው ተማሪ ደስ ይለዋል፥ ሊለውም ይገባል። ሊቃውንቱ ግን ይበል ሲሉ ቅኔውን አመሰገኑ እንጂ ተማሪውን አንሥተው በመምህሩ ወንበር አላስቀመጡትም። መምህሩም በዚያች ቀን ስለ ተሰናከለ ከደቀ መዛሙርቱ አንድ ስንኳ ጥሎት አይሄድም። ነገ ማለዳ ጉባኤው እንደ ወትሮው ይዘረጋል።

በሜዳው ክርክር የጠፋው ይህ ልዩነት ነው። ዋንጫ ይበል ነው፤ መዝገብ ምስክር ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፥ የሚናገሩት ግን ስለ ተለያየ ነገር ነው። በ1906 የቺካጎው ሁለተኛ ቡድን ዘውዱን በሕግ ወሰደ፤ ማንም ሊነጥቀው አይገባም፥ ሁሉም አስቀድሞ በተስማማበት ሕግ ነውና። የመጀመሪያው ቡድን 116 ድል ግን በዚያ ሳምንት አንድ ስንኳ አልጐደለም፤ እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ሰው አሁንም እየጠቀሰው ይኖራል። ስሕተቱ ከሁለት ወገን ይመጣል። አንዱ ዋንጫውን ይዞ ከሁሉ እበልጣለሁ ይላል። ሌላው ዋንጫውን ስላጣ ድካሜ ሁሉ ከንቱ ነበር ይላል። ሁለቱም ይበልን ከወንበር ጋር አደባልቀዋል፤ ይልቁንም ሁለተኛው ይጐዳል፥ የገዛ ምስክሩን በገዛ እጁ ይሰርዛልና።

የኢትዮጵያ ሰው በዚህ ነገር ላይ ስለ ኅሊናው ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄም አለ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በዚያ ስታዲየም ያዘነው ሕዝብ፥ ከአንድ ዓመት በፊት ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በዚያው ስታዲየም ሲጨፍር ነበር። ኢትዮጵያ በካርቱም በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፋ ነበር፤ በአዲስ አበባ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ግቦች 2 ለ 0 አሸነፈች። ሁለቱ ግጥሚያዎች ሲደመሩ 5 ለ 5 እኩል ናቸው። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በሰው ሜዳ የገባች ግብ ትበልጣለች በሚለው ሕግ ነው። በካርቱም የገባች ግብ በአዲስ አበባ ከገባች ግብ ስለ ምን ትከብዳለች? ይህ ሕግ ከአጭሩ ፈተና ሁሉ ይልቅ በሰው ፈቃድ ብቻ የቆመ ነው። ሆኖም በዚያ ቀን ሱዳን እኩል ሆና ሳለች ቀረች ብሎ ያለቀሰላት አልነበረም።

ወደ ኋላ ቢኬድም ያው ነው። የኢትዮጵያ ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ የተገኘው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። በዚያ ውድድር የገቡት አገሮች አራት ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያ ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜውም ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል ከነበረችው ከግብጽ ጋር ተጋጠመች። ሁለት ጊዜ ተመርታ፥ ሁለት ጊዜ እኩል አድርጋ፥ በተጨመረው ሰዓት በኢታሎ ቫሳሎና በመንግሥቱ ወርቁ ግቦች 4 ለ 2 አሸነፈች። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ዋንጫውንም ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ ለሉቻኖ ቫሳሎ ሰጡ። ሁለት ግጥሚያ፥ በስምንት ቀን ውስጥ፥ በገዛ ሜዳ። በ2006 ዓ.ም. ሁለት ግጥሚያ አጭር ነው ያለ ሰው፥ በ1954 ዓ.ም. የተገኘውን ዋንጫ በምን ያህል ክንድ ይለካዋል? አጭሩ መስፈሪያ ሲሰጥ ጽድቅ፥ ሲነሣ ግፍ ሊሆን አይችልም። ወይም ሁለቱንም መቀበል ነው፥ ወይም ሁለቱንም መተው። ሁለቱን ለመተው የሚፈቅድ ኢትዮጵያዊ እንደማይገኝ የታወቀ ነውና የቀረው መቀበል ነው።

ሲቀበሉ ግን የ13ቱን ነጥብ ነገር መርሳት አይገባም። በጽሕፈት ስሕተት ሦስት ነጥብ ከተወሰደባቸው በኋላ እንደ ገና ተነሥተው፥ በሰው አገር፥ ካላሸነፉ በሚጠፉበት ቀን ያሸነፉ ሰዎች ነበሩ። ስለ ኢመኒኬ ሁለት ግቦች የሚተርክ ብዙ ነው፤ ስለ ጳጕሜን 2 ቀን የሚተርክ ግን ጥቂት ነው። ይህ መርሳት የናይጄሪያ ጥፋት አይደለም፥ የሕጉም አይደለም፤ የሚረሳው ሰው ጥፋት ነው።

ወደ ይፋት ቆላ ሲመለሱ፥ በካላባሩ ግጥሚያ ሰሞን የማሽላው አጨዳ ቀርቦ ነበር። ግሪሳ ያላገኘው ማሳ በደስታ ይታጨዳል። ግሪሳ የወረደበትም ይታጨዳል፤ ገበሬው የተረፈውን ራስ እየቈረጠ ወደ አውድማ ያግዛል፥ አገዳውን ለከብት ይከምራል። የከርሞውን ዘር የሚመርጠው ግን በአውድማ ላይ አይደለም። ማሽላው ገና በቆመበት ጊዜ፥ ክረምቱን ሁሉ በማሳው ሲመላለስ ዐይኑን የጣለበት አገዳ አለ፤ በዝናቡ እጥረት ያልጠወለገ፥ በነፋስ ያልወደቀ፥ ራሱ የሞላ። ወፍ ከዚያ ራስ እኩሌታውን ቢበላበትም የቀረውን እኩሌታ ለብቻው ቈርጦ፥ አስሮ፥ ከምድጃው በላይ ጭስ በሚደርስበት ስፍራ ያንጠለጥለዋል፤ እስከ ሚያዝያም አይነካውም።